«ለሰላምታ መስሎኝ»፦ ከጅማ የካንሰር ታካሚዎችን ኑሮ ስንለካ የያዝኩት ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2016

ፈቃዱ ዛሬ መጣ። ሦስት ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት። ከክረምት ጀምሮ ስንጠብቀው ስለቆየን ሳየው ከደስታ ይልቅ ድካም ነው የተሰማኝ። ለማንኛውም ሥራው ሊጀመር ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ለካንሰር ሕክምና ወደ እኛ የሚመጡትን ሰዎች ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ በወጉ መጠየቅና መልሱን በቁጥር መመዝገብ ነው። የዕጢው መጠን በሴንቲሜትር ካርዱ ላይ አለ። የደሙ ውጤትም አለ። ሰውየው ሌሊት ተኝቶ ማደሩን፣ ለቅሶ ቤት ደርሶ መምጣት መቻሉን ግን የሚጽፍለት የለም።

ያነሳሳችኝ አንዲት ቃል ናት። ባለፈው ዓመት ከዴዶ የሚመጡ እናት ነበሩ። የጡት ካንሰር፣ አራተኛ ዙር ኬሞ ላይ። «እንዴት ነዎት እማማ?» ስላቸው ሁልጊዜ «ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» ነው። ካርዳቸው ላይም «ደህና ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቀን ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ሲስተር፣ እማዬ እኮ ከተኛች ሁለት ሳምንት ሆናት። ቁጭ ብላ ነው የምታድረው» አለችኝ። ተመልሼ ገብቼ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ስትጠይቂኝ ለሰላምታ መስሎኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሰላምታችንም ጥያቄያችንም ቃሉ አንድ ነው። «እንዴት ነህ» ላለን ሰው ሕመማችንን መዘርዘር ደግሞ ነውር ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ዛሬ መጠይቁን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ በአጭሩ «ሲ 30» ይሉታል። በፈረንጆቹ 1993 ነው የታተመው። እንደ ስሙ 30 ጥያቄ አለው። ጥያቄዎቹ ሲጠቃለሉ 15 መለኪያ ይወጣቸዋል። አምስቱ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል የሚያዩ ናቸው፦ አካል፣ ሥራ፣ ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ፣ ከሰው ጋር መኖር። ከዚያ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ሕመም አለ። ትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥና የገንዘብ ችግር ደግሞ አንድ አንድ ጥያቄ ተሰጥቷቸዋል። መጨረሻ ላይ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ በጠቅላላው የሚጠይቁ ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

ከዚህ በፊት ምንም መለኪያ አልነበረም ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 1949 የወጣው የካርኖፍስኪ መለኪያ ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር እየዘለለ የታካሚውን አቅም ይሰጣል። እኛ ካርድ ላይ የምንሞላው ኢኮግ የሚባለው የአቅም መለኪያ ከ0 እስከ 5 ነው፤ 0 ሙሉ አቅም፣ 5 ሞት ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ግን ሁለቱንም የሚሞላው ባለሙያው ነው። ወረፋ በበዛ ቀን ሰው ከበር እስከ ወንበር ሲራመድ ታይቶ «1» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። እኔም ጽፌአለሁ።

መጠይቁ ባለመብት አለው። በፈቃድ ነው የሚሠራበት፤ ቃል መለወጥም አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ማስታወሻ ላይ ጥያቄዎቹን አልገለብጥም፣ ሐሳባቸውን ብቻ ነው የምጽፈው። ታካሚው ራሱ አንብቦ ቢሞላው ጥሩ ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ እኛ እናነብላቸዋለን። ደንቡ አጭር ነው። እንደተጻፈው አንብብ፤ ካልገባው ድገምለት፤ አታስረዳ።

ባልደረባዬ ታካሚ ሆኖ ተለማመድን። ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ «ማለት?» አለኝ። ደገምኩለት። «ማለት?» አለኝ እንደገና። ሦስተኛው ላይ ሳላስበው ማስረዳት ጀመርኩ። «ወደቅሽ» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የመጀመሪያው ቀን። አምስት ሰው አስበን ሁለት ሰው ጠየቅን።

የመጀመሪያው ታካሚ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወንድማቸው መለሰ። «ሕመም አለው፣ በጣም። እንቅልፍ የለውም። ጻፊ።» ወንድምየውን ወደ ውጪ ላወጣው ስሞክር ተቀየመኝ። ስድስት ሰዓት መንገድ ይዞት የመጣ ሰው ነው፤ መቀየሙ አይፈረድበትም። በኋላ ለብቻቸው ስጠይቃቸው ሕመሙን «ትንሽ» አሉት። የማን ልክ ነው? መጠይቁ የታካሚውን ነው የሚፈልገው፤ እሱን ጻፍኩ። ግን ወንድምየው ውሸታም አይደለም። ሌሊት አብሮ የሚያድረው እሱ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የስምምነት ቅጹን ላነብ ስጀምር ልጃቸው ክንዴን ይዞ ወደ በር ወሰደኝ። «አባቴ አያውቅም» አለኝ በሹክሹክታ። ቅጹ ሁለተኛው መስመር ላይ «ካንሰር» ይላል። እሳቸው የሚያውቁት «ዕጢ» ብቻ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ወረቀቱ ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ስለ ኑሮዎ ነው አባባ» አልኳቸው። «የኔን ኑሮማ ልጄ ያውቀዋል፤ እሱን ጠይቂው።»

ቅጹን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ያልተነገረውን ሰው በመጠይቅ ማርዳት የእኔ ሥራ አይደለም። ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ ሐኪሙን «ተነግሯቸዋል ወይ?» ብለን ጠይቀን ነው የምንገባው።

አንድ የተገኘ ነገር፦ ከቁስል መጥረጊያው ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጡን። መስኮት አላት። ባልደረባዬ ከቤቱ ሁለት የጅማ በርጩማ አመጣ፣ ባለ ሦስት እግሩን። ጠረጴዛ በመሐል ሳይኖር ጎን ለጎን ዝቅ ብሎ መቀመጡ ለወሬ ይመቻል። አስታማሚው ለሻይ ይወጣል። ለሻይ ነው የምንለው፣ እሱም ለሻይ እንዳልሆነ ያውቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ዛሬ አራት ሰው ተጠየቀ። ጥያቄዎቹ ከየት አገር እንደመጡ የታየኝም ዛሬ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለው ጥያቄ ከባድ ነገር መሸከም ይከብድሃል ወይ ነው፤ ምሳሌው የገበያ ዕቃና ሻንጣ። አንዲት ሴት ሳቁብኝ። «ሻንጣ ይዤ የት ልሄድ? ጀሪካን በይኝ።» ጀሪካን ማለት አልችልም፤ አልተጻፈም። ደገምኩላቸው። ራሳቸው ወደ ጀሪካን ተርጉመው መለሱልኝ፦ «ከታመምኩ ወዲህ ውኃ የምታመጣው ልጄ ናት።»

ረጅም መንገድ መሄድ ያስቸግርሃል ወይ የሚለው ደግሞ «ረጅም» ስንት ነው የሚል ጭቅጭቅ አመጣ። ለከተማ ልጅ ከጅማው መርካቶ ተነስቶ ሽቅብ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር መሄድ ጀብዱ ነው። አስፋልት ለመድረስ ሦስት ሰዓት በእግር ለሚመጣ ሰው ይህ ቁርስ ነው። የጌራው ሰውዬ «ረጅምማ አልችልም» ሲሉኝና የከተማው መምህር «ረጅምማ አልችልም» ሲሉኝ እኔ የምጽፈው ያንኑ ቁጥር ነው።

ሐሳብ መሰብሰብን የሚለካው ጥያቄ ጋዜጣ ማንበብንና ቴሌቪዥን ማየትን ይጠቅሳል። ጋዜጣ ላይ ሁሉም ዝም አሉ። ቴሌቪዥን ላይ አንዱ «መብራት ሲኖር» አሉ። አንዲት እናት ግን ጥያቄውን ከሁላችንም በላይ ገብቷቸዋል፦ «ሰላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ይጠፋኛል። እሱን ነው የምትጠይቂኝ?» አዎ እማማ፣ እሱን ነው።

ስለ ትርፍ ጊዜ የሚጠይቀውን አልነግራችሁም። ለገበሬ ትርፍ ጊዜ ብሎ ነገር የለም።

በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ግን ከምጠብቀው በላይ ተናገሩ። እዚህ ሰው ምሳሌ አያስፈልገውም። ዕድር ቀርቶብኛል፣ ለቅሶ አልደርስም፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። ይቺ የመጨረሻዋ ጅማ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነች ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቡና ላይ ያልተቀመጠ ሰው ከሰፈሩ ወሬ ወጣ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሳምንቱን ሙሉ ያስቸገረን የመልስ ምርጫው ነው። ከ1 እስከ 28 ያሉት ጥያቄዎች አራት አራት ምርጫ አላቸው፣ «ምንም» ከሚለው እስከ «እጅግ በጣም»። ዳርና ዳሩ ግልጽ ነው። መሐል ያሉት ሁለቱ ግን በሰው ጆሮ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ስናነብላቸው ሁለተኛውን ይሉና ፊታቸው ሦስተኛውን ይላል።

ዛሬ ባልደረባዬ ጥሬ ቡና በላስቲክ ይዞ መጣ። ካርቶን ላይ አራት ክብ ሣልን። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ፣ አራት ፍሬ። ጥያቄውንም ምርጫውንም እንደተጻፈው እናነባለን፤ ታካሚው በጣቱ ክቡን ያሳያል። ቃል አልቀየርንም። ቢሆንም በቡና መጠቆማችንን በማስታወሻው የፊት ገጽ ላይ ጻፍነው። ነገ ሌላ ሰው የእኛን ቁጥር ከሌላ አገር ቁጥር ጋር ላስተያይ ቢል ይህን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ሞካሪ የጎማ ገበሬ ነበሩ። ፍሬዋን አንስተው አገላበጡ፣ አሸተቱ፣ መስኮቱ አጠገብ ወስደው በብርሃን አዩ። «ይሄማ ጅማ አምስት ነው። ስንት ገዛችሁት?» ለቡናው ደረጃ ለመስጠት ሦስት ሰከንድ አልፈጀባቸውም። ላለፈው ሳምንት ድካማቸው ደረጃ ለመስጠት ግን ፍሬዋን በጣታቸው እያሻሹ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ሦስቱን ነኩ።

መጨረሻው ላይ ተጣላን። ከ1 እስከ 28 ቁጥሩ በበዛ መጠን ነገሩ ይከፋል። ሁለቱ የመጨረሻ ጥያቄዎች ግን ከ1 እስከ 7 ናቸው፤ 7 በጣም ጥሩ ነው። ተጨማሪ ፍሬ ስደረድር እጄን ያዙት። «እስካሁን ቡና ሲበዛ ክፉ ነበር። አሁን ሲበዛ ደግ ሆነ? አንዱን ወስኑ እንጂ!» መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች እዚህ በርጩማ ላይ ቢቀመጡ ደስ ይለኝ ነበር። ለመጨረሻዎቹ ቡናውን ሰብስበን ሰባት እርከን ያለው መሰላል የተሣለበት ሌላ ካርቶን እናወጣለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ሰው የለም። ቡና ለቀማ ነው። ከሰባት ቀጠሮ ሦስት መጡ። አንዱ እጃቸው በለቀማ ጠቁሯል። በሥራህ ላይ ምን ያህል ተቸገርክ ለሚለው «ምንም» ብለው መለሱልኝ፤ ከዚያ እየሳቁ «ዛፉ ሥር ተቀምጬ ነው የለቀምኩት» አሉ።

የገንዘብ ጥያቄው ላይ ካርቶኑን ማሳየትም አያስፈልግም። አራቱን ፍሬ ጠራርገው ይሰጡኛል። ከቦንጋ የመጡ ሰው አራቱን ከሰጡኝ በኋላ ላስቲኩን እያዩ «አራት ብቻ ነው ያለሽ?» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ትልቅ ስህተት አገኘሁ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ እኔም ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብኝ።

አብዛኛው ጥያቄ የሚጠይቀው ስላለፈው ሳምንት ነው። የጡት ካንሰር ታካሚዎቻችን አብዛኞቹ ኬሞ የሚወስዱት በየ21 ቀኑ ነው። የምንጠይቃቸው መቼ ነው? ለሚቀጥለው ዙር በመጡበት ጠዋት። ስለዚህ «ያለፈው ሳምንት» ማለት ሦስተኛው ሳምንት ነው። ማቅለሽለሹ የሚያንገላታው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ነጭ የደም ሴል ወርዶ ሰውነት የሚዝለውም ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ ነው። በሃያ አንደኛው ቀን ሰው አገግሞ፣ ታጥቦ፣ ነጠላውን ለብሶ ነው የሚመጣው።

ይህን ያሳየችኝ አንዲት ወጣት ናት። ከማስታወኩ ጥያቄ ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «ያለፈው ሳምንትማ ደህና ነበርኩ ሲስተር። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠይቂኝ።» ቀዩ መድኃኒት ነው የምትወስደው፣ ሽንት የሚያቀላውን። በሁለተኛው ቀን ማታ የሠርጓ ቀን የተነሳችውን ፎቶ ከግድግዳ ላይ ወስዳ ሳጥን ውስጥ እንደከተተችው ነገረችኝ። ለዚህ ሳጥን የሚሆን ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ የለም። ምንም አላስታወኩም ብላ አንዱን ፍሬ ነካች። እውነቷን ነው። ላለፈው ሳምንት።

እንግዲህ እኛ የምንለካው ሁልጊዜ ደህናውን ሳምንት ነው። ይሄም እኮ «ተመስገን» ነው፣ በቁጥር የተጻፈ።

መፍትሔ ያልነው ከመድኃኒቱ በኋላ በሰባተኛው ቀን ለተወሰኑት መደወል ነው። ስልክና ፊት ለፊት አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ለብቻው በሌላ ዓምድ እንመዘግበዋለን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ለሰባት ሰው ደወልኩ። ሦስቱ ጋ ኔትወርክ የለም። አንዷ አንስታ «ባለቤቴ አጠገቤ ነው፣ ማታ ደውዪ» አለችና ዘጋች። እዚህ አስታማሚውን ለሻይ የማስወጣበት ዘዴ የለኝም። ማታ ስደውል በረት አጠገብ ቆማ መለሰችልኝ፤ ከብቶቹ ይሰሙ ነበር። ማቅለሽለሽ፣ አራት። ምግብ ማስጠላት፣ አራት። ለኬሞ በመጣችበት ጠዋት በርጩማው ላይ ተቀምጣ ለሁለቱም አንድ የሰጠች ሴት ናት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ኤክሴል ላይ ተቀመጥኩ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአንድ መለኪያ ጥያቄዎችን አማካይ ታወጣለህ፤ ከዚያ ከ0 እስከ 100 ባለው ላይ ትዘረጋዋለህ። ቁጥር 6 ብለን የመዘገብናቸው ታካሚ አካልን ለሚመለከቱት አምስት ጥያቄዎች 3፣ 4፣ 2፣ 2፣ 1 ብለዋል። ድምሩ 12፣ አማካዩ 2.4። ከዚህ ላይ 1 ቀንሰህ ለ3 ስታካፍለው 0.467 ይሆናል። ይህን ከ1 ቀንሰህ በ100 ስታበዛው 53.3። በአቅም መለኪያዎች ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ደግ ነው።

በሕመም ምልክት መለኪያዎች ላይ ግን ከ1 መቀነስ የለም። ከፍ ያለ ቁጥር ክፉ ነው። እኔ አንዱን ቀመር ጎትቼ ሁሉም ዓምድ ላይ አወረድኩት። ቁጥር 6 ለሁለቱ የሕመም ጥያቄዎች 3 እና 4 ነበር ያሉት፤ 83.3 መውጣት ሲገባው 16.7 ወጣ። ሠንጠረዡን ሳየው ከሁሉም ሕመም የሌለባቸው እሳቸው ሆኑ። አልጋው ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ጎን ሲቀይሩ ባላያቸው ኖሮ አምኜ አልፈው ነበር።

የተሳሳቱትን ዓምዶች አስተካከልኩ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ መለኪያ ላይ አንድ ሰው በእጅ እያሰላሁ አመሳክራለሁ። ያልተመለሰ ጥያቄ ካለም ደንቡ ጥሩ ነው፦ ከመለኪያው ጥያቄዎች ቢያንስ ግማሹ ከተመለሰ በተመለሰው አማካይ ይሠራል። አንድ ጥያቄ ብቻ ያለው መለኪያ ግን ካልተመለሰ ቀረ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

የቋንቋው ነገር አላስተኛኝም። እጃችን ላይ ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። የምንኖረው ደግሞ ጅማ ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ የመጡ እናት ትናንት በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ቡናውን አዩ፣ ፈገግ አሉ። አማርኛቸው ለሰላምታ ነው። የእኔ አፋን ኦሮሞ ለገበያ ነው፤ የቲማቲም ዋጋ መከራከር እችላለሁ፣ «ተስፋ መቁረጥ» ማለት ግን አልችልም።

ባልደረባዬ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። እያየ ሊተረጉምላቸው ይችላል። ግን እንዲያ ከሆነ ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ ሌላ ቃል ይሆናል። ትርጉም በወጉ ሲሠራ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል፣ ይታረቃል፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ በታካሚዎች ይፈተናል። የአፋን ኦሮሞውን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ጽፈን መልስ እየጠበቅን ነው።

እስከዚያው እናትየውን አመስግነን ሸኘናቸው። «ቡናውስ?» አሉ በምልክት። አፍሳ ሰጠኋቸው። የፊት ገጹ ላይ ሌላ መስመር ጨመርኩ፦ «ይህ ቁጥር በይበልጥ አማርኛ የሚችሉትን፣ ማለትም የከተማውን ሰው ያሳያል።» ይቺ መስመር ከሠንጠረዡ በላይ የምታስፈልግ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ሁለተኛው ዙር ተጀምሯል። መጀመሪያ የጠየቅናቸውን ሦስት ኬሞ ካለፈ በኋላ መልሰን እንጠይቃለን።

ቁጥር 4 ገረሙኝ። ሕመሙ ብሶባቸዋል፤ ሐኪሙም መድኃኒት ሊቀይር ነው። የእግራቸው ጣት ደንዝዟል። በመሰላሉ ላይ ግን ኅዳር ላይ 4 እና 4 የነበረው ዛሬ 5 እና 5 ሆነ። በስሌቱ ከ50 ወደ 66.7። በፈረንጆቹ 1998 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ከ5 እስከ 10 ነጥብ ለውጥን ታካሚው «ጥቂት»፣ ከ10 እስከ 20 «መካከለኛ»፣ ከ20 በላይ «ብዙ» እንደሚለው አሳይቷል። እንግዲህ እሳቸው መካከለኛ መሻል ተሽሏቸዋል ማለት ነው።

አላስቻለኝም፤ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ጠየቅኳቸው። «ያኔ ጤነኛ የነበርኩበትን ጊዜ እያሰብኩ ነው የመለስኩልሽ። አሁን የማስበው ያለፈውን ወር ነው» አሉ። መሰላሉ ያው ነው፤ የቆመበት መሬት ነው የወረደው። ቁጥሩን እንዳለ ጻፍኩት። አጠገቡ ግን የተናገሩትን በእርሳስ አስቀመጥኩ።

ቁጥር 11 አልመጡም። ስልካቸውን ወንድማቸው አነሳው፣ ያ መጀመሪያ ቀን የተቀየመኝ ወንድም። ቅጹ ላይ «ጠፍተዋል» እና «አርፈዋል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሁለተኛውን ሞላሁ።

ማታ አማካዩን ሳወጣ ከኅዳሩ ተሻሽሎ አገኘሁት። የከፋባቸው ሰዎች ከዝርዝሩ ሲወጡ አማካዩ ይወጣል። ላፕቶፑን ዘጋሁት። አሁን የማወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ የመለሱትን ብቻ ነው፤ የሌሉት ስንት እንደሆኑም ከጎኑ ይጻፋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ለሐኪሞቹ አሳየን። ሠላሳውን ጥያቄ ማንም አያነብም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ሕመም፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና ገንዘብ ብቻ በግማሽ ወረቀት አድርገን ካርዱ ላይ በስቴፕለር አያያዝን። «ጥሩ ቁጥር ስንት ነው?» አለ አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «የራሳቸውን ያለፈውን ጊዜ እየው» አልኩት።

ወረቀቱ ሥራ የሠራው በቁጥር 17 ላይ ነው። ሕመም 83.3፣ የሆድ ድርቀት 100። የሞርፊን ሽሮፕ ታዞላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕመም ማስታገሻ መሰላል በፈረንጆቹ 1986 ከወጣ ወዲህ ለከባድ ሕመም ሞርፊን እንደሚሰጥ ሁላችንም ተምረናል። ሆድ እንደሚያደርቅም ተምረናል። ሐኪሙ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ሲያይ «ሽሮፑን እየወሰዱ ነው?» አላቸው። «ትቼዋለሁ። ከመታመም መቀመጥ አለመቻል ባሰኝ» አሉ። ማለስለሻ ታዘዘ፣ ሽሮፑም ተመለሰ። በሦስት ወር ውስጥ ማንም ያልጠየቃቸው ነገር ነበር። እሳቸውም እንዲህ ያለውን ነገር ለሐኪም መናገር አፍረው ነበር። ለቡና ፍሬ መናገር ግን አላፈሩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ዘንድሮ ረመዳንም ሁዳዴም የገቡት በአንድ ቀን ነው፣ ባለፈው ሰኞ። ስለዚህ ዛሬ «ያለፈው ሳምንት» ስል ልክ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

የምግብ ፍላጎት ጥያቄ ላይ ሁሉም ቆም ይላል። «ጾም ነኝ» ይሉኛል። መጠይቁ የጠየቀው መብላትን አይደለም፣ ፍላጎትን ነው። ሕመምተኛ እንዳይጾም ሃይማኖቱም ይፈቅዳል። አንደኛዋን የነፍስ አባታቸው ከልክለዋቸዋል፤ እሳቸው ግን «ሥጋው ቢቀርብኝ ምን እሆናለሁ?» ብለው ቀጥለዋል። ሐጂው ደግሞ ለጥያቄው ሁለት መልስ አላቸው፦ «ቀን አልፈልግም፤ ለፊጥር ሾርባው ሲሸተኝ እፈልጋለሁ። ይሄ ስንት ፍሬ ነው?» እኔ ምን አውቃለሁ። ደገምኩላቸው። ሁለት ነኩ።

ድካሙም እንደዚያው ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ለሱሁር የተነሳ ሰው ድካሙ የኬሞ ነው የጾም? ቀኑን ብቻ ሳይሆን ጾም መሆኑንም የምንመዘግብበት አንድ ዓምድ ጨመርን። ከጥቅምት ጀምሮ ቢኖረን ኖሮ የገናውን ጾምም እናገኘው ነበር። አመለጠን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

የመጨረሻዎቹን እየዘጋን ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ በመስኮቱ እየገባ ካርቶኑን አረጠበውና የሦስቱ ፍሬ ክብ ተላጠ። ሌላ ሣልን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። የዴዶዋ እናት። ኬሞውን ከጨረሱ ቆይተዋል፤ ለክትትል መጥተው ነው። ልጃቸው ስለ ቡናው ወሬ ሰምታ ነው ይዛቸው የመጣችው። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ ለሻይ ብለን አላስወጣናትም፣ ራሷ ነች የቀረችው።

«እንዴት ነዎት እማማ?» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፍተው ቆም አሉ። ካርቶኑን አዩት። «አሁን ለሰላምታ ነው ለወረቀቱ?»

«መጀመሪያ ለሰላምታ።»

«እንግዲያውስ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» በርጩማውን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በይ አሁን ወረቀቱን አምጪው።»

እንቅልፉ ላይ ስንደርስ ጣታቸው ሦስቱ ፍሬ ላይ ሄዶ ነበር። ትንሽ አሰቡና ወደ ሁለቱ መለሱት።